ጄራርዳ እዚህ አትኖርም

ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ጄራርዳ፣

እግዚአብሔር ይመስገን እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። የእርስዎም ጤና፣ የደጅዎም ሰላም ልባችን እንደሚመኘው ይሁን። (ይቺን መስመር ያስጻፈችኝ አያቴ ናት። «ሰላምታ ሳትሰጪ ወደ ጉዳይ ብትገቢ ጄራርዳ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ነው የምትወረውረው» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው፤ ጣልያንኛዬ ቢንገዳገድ ይታገሡኝ።)

ዶናታ እባላለሁ። ከእርስዎ ጋር በአንድ ቤት ያደገችው የአክስትዎ ልጅ፣ በ1952 በመርከብ ወደዚህ የመጣችው የቪንቼንዛ የልጅ ልጅ ነኝ። የነርስነት ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነው። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከጓደኛዬ ከጁዲ ጋር አውሮፓን ልንዞር ተነሥተናል። ጓዛችን ሁሉ በጀርባችን ነው፤ በየአገሩ ባቡር የሚያሳፍር አንድ ትኬት ገዝተናል። ሆቴል አንገባም። ሐውልቱንና ሙዚየሙን በፖስትካርድ ማየት ይቻላል። እኛ የምንፈልገው ሰው ነው። ከአገሬው ጋር ተቀምጠን የሚበላውን መብላት፣ የሚሠራውን አብረን መሥራት፣ ሲስቅ በምን እንደሚስቅ ማወቅ ነው የምንፈልገው። መንገዳችንን ካርታ ላይ በቀይ እርሳስ አሥምረናል፤ ከለንደን ተነሥተን በሆላንድ፣ በጀርመን፣ በፓሪስና በስፔን አድርገን ጣልያን እንገባለን። ካስተልፌራ ላይ ስደርስ እርሳሱን ደጋግሜ ስለተጫንኩት ወረቀቱ ተበስቷል።

አያቴ ስለ ቤቱ ስታወራ ሰምቼ አልጠግብም። ያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ያ ሰገነት፣ እዚያ ላይ ተደግፋችሁ በአደባባዩ ለሚያልፈው ሁሉ የቅጽል ስም ስታወጡ! መሬት የተንቀጠቀጠ ጊዜ «ቤቱ ስንጥቅ ብቻ ነው የወጣበት» ብለው የጻፉላትን ደብዳቤ ስታነብ አጠገቧ ነበርኩ። በደስታ አለቀሰች።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል እዚያ ቤት ያሳድሩናል? የአገሩን እውነተኛ ሰዎችስ ያስተዋውቁናል?

መልስዎን በናፍቆት የምትጠብቅ
ዶናታ


ካስተልፌራ
አፕሪል 20 ቀን 1987

ለልጄ ለዶናታ፣

ከባሕር ማዶ ድምፅሽን ያሰማኝ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ቅዱስ ጄራርዶ ከፊትሽ እየቀደመ መንገድሽን ይጥረግልሽ። እናትሽን፣ አባትሽን፣ ከሁሉ በፊት ቪንቼንዛን ሳሚልኝ። ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጥዬ እንደማላውቅ ንገሪያት፤ ድሮም ነገር የምታጋንን እሷ ናት።

የዘገየሁት እጄን አሞኝ ነው።

እውነተኛ ሰዎች ትያለሽ። ልጄ፣ ደግሞ የውሸት ሰው አለ እንዴ? ደብዳቤሽን ዳቦ ቤት ውስጥ ሳነብላቸው ሁሉም ሳቁ። ሮኮ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር አለን፣ ምላሱ ከአውቶቡሱ የሚፈጥን። «እኛን ለማየት ነው ከዓለም ዳር የሚመጡት? በይ ቀድመሽ ጻፊላቸው፣ ኋላ ትኬታችንን መልሱልን እንዳይሉ» አለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ሚኬሌ ደግሞ፣ የሚሠራውን እንሠራለን ካላችሁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታችሁ ሊጥ አቡኩለት ይላችኋል፤ እሱ እንደሆነ ሰባት ዓመት ያልተኛውን እንቅልፍ ሊተኛ ነው።

ስለ ቤቱ ቪንቼንዛ የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሰገነቱም አደባባዩን ያያል። ብቻ ዘንድሮ በጋውን ሊቀባ ነው፤ የቀለም ሽታ ደግሞ ራስ ያዞራል፣ እንግዳ አያስተኛም። ወደ ኦክቶበር ብታደርጉት ምን ይመስልሻል?

የቪንቼንዛን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ሠርግ ላይ የተነሳችውን አይደለም፣ የአሁኑን። ጉልበቷስ እንዴት ነው? ልጅ ሳለችም ዝናብ ሲመጣ ያማት ነበር።

ጄራርዳ


ሜልቦርን
ሜይ 10 ቀን 1987

ለውድ አክስቴ ለጄራርዳ፣

የጤናዎን ነገር ፈጣሪ ይጠብቅልን፤ እጅዎንም ይማርልን። እኛ በጣም ደኅና ነን፤ በተለይ እኔ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ መሬት አልረገጥኩም።

በቀለሙ በፍጹም አይጨነቁ! የጁዲ አባት እኮ ቀለም ቀቢ ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መሰላል ስትይዝላቸው ነው ያደገችው። አብረን እንቀባዋለን። እንዲያውም እኛ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። የምንተኛበት ከረጢት ይዘናል፤ መሬት ላይ፣ ሰገነቱ ላይ፣ ያገኘንበት እንተኛለን። ኦክቶበር ላይ ግን ሥራ እጀምራለሁና አይሆንልኝም። የጁላይ መጨረሻ ወይም የኦገስት መጀመሪያ እዚያ ነን።

አያቴ ፎቶግራፍ አልነሳም ብላለች። «ማየት ከፈለገች መጥታ ትየኝ» አለች። ጉልበቷ ግን አሁንም ዝናብ ይናገራል፤ ከሬዲዮው ይልቅ እሷን ነው የምናምነው።

ከዚህ በኋላ የሚጽፉልኝ ካለ ፓሪስ ዋናው ፖስታ ቤት ብለው ይላኩልኝ፤ ስሜን አይተው ያስቀምጡልኛል።

መሰላሉን አዘጋጅተው ይጠብቁን፤
ዶናታ


ካስተልፌራ
ጁን 18 ቀን 1987

ለልጄ ለዶናታ፣ ፓሪስ፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ። እመቤታችን ካንቺም ከጓደኛሽም አትለይ።

ልጄ፣ ነገሩ እንደምናስበው አልሆነም። የባሌ እኅት ከነልጆቿ ከቱሪን ልትመጣ ነው፤ ቤቱ እስከ ጣራው ይሞላል። ውኃውም ከቀትር በኋላ ይጠፋል። ሙቀቱ ዘንድሮ ያለወትሮው ነው፤ አህያ እንኳ ጥላ ፈልጎ ነው የሚውለው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደዚህ ተራራ መውጣት ልፋት ነው።

እኔ አንድ ነገር አስቤያለሁ። እናንተ ናፖሊ ስትደርሱ ቀኑን ጻፉልኝና እኔ ወርጄ ባቡር ጣቢያው ላይ እቀበላችኋለሁ። አይብ ይዤ፣ የተጠበሰ ቃሪያ ይዤ፣ የሚኬሌን ዳቦ ይዤ። ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን እንበላለን፤ የፈለግሽውን ሁሉ እነግርሻለሁ። ከእኔ የባሰ የካስተልፌራ ሰው የለም፣ እኔን ካየሽ መንደሩን አየሽ ማለት ነው።

ሮኮ በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር «ጄራርዳ፣ ካንጋሮዎችሽ መቼ ነው የሚገቡት?» ይለኛል። ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል።

አደራ፣ ናፖሊ። ወደ ላይ እንዳትወጡ።

ጄራርዳ


ብሪንዲዚ፣ የመርከብ ወደብ
ኦገስት 14 ቀን 1987

ለአክስቴ ለጄራርዳ፣

በጤና እንደሚያገኝዎ ተስፋ አለኝ። ናፖሊ ያለው አድራሻዎ ስለሌለኝ በካስተልፌራ ነው የምልከው፤ መቼም ያደርሱልዎታል።

ፓሪስን ዘለልነው። ስፔን ውስጥ ብዙ ቆይተን ስለነበር በቀጥታ ወደ ጣልያን መጣን፤ ስለዚህ የጻፉልኝ ነገር ካለ አላገኘሁትም።

ስለ ጉዟችን ብዙ ልነግርዎ አስቤ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደ ካርታው አልሆነልንም። ሰው ልናይ ሄደን በየደረስንበት ያገኘነው እንደ እኛ ጓዙን የተሸከመ ወጣት ነው። ስፔን ውስጥ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ገብተን ጁዲ መረብ የሚጠግኑ አሮጊት ፎቶ ስታነሳ ሴትየዋ ብድግ ብለው «እኔ ዝንጀሮ ነኝ? እስኪ ያንቺን እናት ላንሳት!» ብለው ጮኹብን። ጁዲ ያን ዕለት ምሳ አልበላችም። ከዚያ ወዲያ ካሜራውን አላወጣነውም።

ካስተልፌራ የደረስን ዕለት በጣም ይሞቅ ነበር። ሮኮን ብጠይቅ ዕረፍት ላይ ነው አሉኝ፤ የነዳው ሌላ ሰው ነው፣ የመንደሩን ሰው አያውቅም። ታች ሜዳው ላይ ሊያወርደን ሲል «የለም፣ አደባባዩ ጋ ነው» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «የቱ አደባባይ?» አለኝ።

በእግራችን ወደ ላይ ወጣን። አያቴ የነገረችኝን እያስታወስኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በስተቀኝ፣ ምንጩን በስተግራ እያልኩ ፈለግሁ። አክስቴ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የለም። ሰገነቱም የለም። የቀረው አንድ ግድግዳ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ሰማይ ይታያል። ወለሉ የነበረበት ላይ ሣር በቅሏል። ጁዲ «ምናልባት ሌላ ቤት ይሆናል» ብትለኝም የበሩ ጉበን ላይ የቅድመ አያቴን ስም አንብቤዋለሁ።

ወደ ሜዳው ተመለስን። ሕዝቡ ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ ባራካ በሚሏቸው፣ በተርታ በተተከሉ ጊዜያዊ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ። መሬት ከተንቀጠቀጠ ይኸው ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። በር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ጄራርዳን?» አሉና መጨረሻ ላይ ያለውን ባራካ በከዘራቸው አመለከቱን። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ቲማቲም ታጥባለች፤ ሙሉ በርሜል ነው። ወይዘሮ ጄራርዳን ፈልገን ነበር አልኳት።

እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። «ማን ልበል?» አለች።

«ዶናታ ነኝ፣ ከአውስትራሊያ። የቪንቼንዛ የልጅ ልጅ።»

ፊቴን ሁሉ አየች። ከዚያ «ጄራርዳ እዚህ አትኖርም» አለች።

«እዚያ ያሉት አባት እኮ...»

«እሱ ጆሮው አይሰማም። ጨው ብትዪው ጫማ ነው የሚሰማው። ጄራርዳ ናፖሊ ናት። ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ልጇ ወሰዳት። ትልቅ ቤት አለው፤ ባሕሩን የሚያይ።»

ደብዳቤው ታዲያ ከካስተልፌራ እንዴት ይመጣል ብላት በየወሩ ለመቃብሩና ለፖስታው ብቅ ይላሉ አለችኝ። «እኔ ሉቺያ ነኝ፣ ዕቃዋን የምጠብቅላት» አለችኝ። ይህን ስትለኝ አንዲት ወፍራም ጎረቤት ደርሳ ገና አፏን ስትከፍት ሉቺያ ቀደመቻትና «አሱንታ፣ እነዚህ ልጆች ጄራርዳን ፈልገው መጥተዋል፤ ናፖሊ ናት እያልኳቸው ነው» አለች። አሱንታ እሷን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና እሷን አየች። «አዎ፣ ናፖሊ ናት» አለች። «ትልቅ ቤት ነው። አሳንሰር ሁሉ አለው። ጄራርዳ እኮ በእግሯ መውጣት ካቆመች ቆይታለች።» ይህን ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ሉቺያ ግን አልሳቀችም።

ልንሄድ ስንነሳ «በዚህ ፀሐይ የት ትሄዳላችሁ፣ ግቡ» አለችን። ውስጡ እንደ ምድጃ ነው፤ ቆርቆሮው ሲሞቅ ይንጫጫል። ዳቦ ቆርሳ ቲማቲም ጨምቃበት አበላችን። ከዚያ ሽርጥ አስታጠቀችንና እስኪመሽ ቲማቲም ስንፈጭ፣ ጠርሙስ ስንሞላ፣ ቡሽ ስንደፍን ዋልን። ጁዲ ቡሹን ገልብጣ ስትደፍን «ወይ ጉድ፣ አገርሽ ጠርሙስ የለም?» ትላታለች ሉቺያ፤ ጁዲ ቋንቋውን ሳትሰማ ትስቃለች። ስለ አያቴ ደግሞ ጠይቃ አልጠገበችም። ጥርሷ አለ? አሁንም ትዘፍናለች? ጉልበቷስ? ጉልበቷን እንዴት አወቅሽ ስላት «ጄራርዳ ታወራ ነበር» አለችኝ። አልጋዋን ለቃልን እሷ ውጭ ወንበር ላይ ነው ያደረችው። ጠዋት ስንለያይ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ አውቶቡሱ ድረስ ግን አልሸኘችንም።

አክስቴ፣ ይህን ሁሉ ጉዞ ስፈልጋት የነበረችው ሰው ሉቺያ ናት። ስለዚህ የሚቀጥለውን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም፤ ትልቅ ሰው መናገሬን ይቅር ይበሉኝ። ቤቱ መፍረሱን ለምን ደበቁን? ቀለም ይቀባል ብለው ለምን ጻፉልኝ? እርስዎ ባሕር የሚያይ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ያቺ ሴት ቆርቆሮ ውስጥ ስትቀቀል፣ በየወሩ እየመጡ እያዩአት፣ አንድ ቀን ናፖሊ ይዘዋት ሄደው ያውቃሉ? እሷ አንዲት ክፉ ቃል ስለ እርስዎ አልተናገረችም። ስለ እርስዎ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ዘመዴ ስለሆኑ ከእሷ ፊት ቆሜ አፈርኩ።

ሹራቤን ትቼላታለሁ፤ አልጋው ሥር ነው። ይንገሩልኝ።

ዶናታ


ካስተልፌራ
ኖቬምበር 22 ቀን 1987

ልጄ ዶናታ፣

ጤናሽን እጠይቃለሁ። ሌላውን ሰላምታ ለዛሬ ተዪልኝ፤ እጄ አይጽፈውም።

ሹራቡን አግኝቼዋለሁ። ለብሼዋለሁ። ልጄ የለም፤ ናፖሊም አልኖርም። ያቺ ቲማቲም የምታጥበው ሴት እኔ ነኝ።

ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ከኦገስት እስከዛሬ ፈጀብኝ። ፓሪስ የላክሁልሽ ደብዳቤም ሳይከፈት ተመልሶ መጥቷል፤ እሱም ውስጥ ያለው ውሸት ነው፤ የባሌ እኅት ቱሪን ከሞተች ቆየች።

እንዴት እንዳደረግሁት ልንገርሽ፤ ለምን የሚለውን ግን በደንብ አላውቀውም። ቀና ስል ቪንቼንዛ ቆማለች። ያ አገጭ፣ ያ ቅንድብ። ቀጥሎ ያየሁት ደግሞ ራሴን ነው። ባዶ እግሬን፣ እስከ ክንዴ የቲማቲም ፍሬ፣ ከኋላዬ ቆርቆሮው። አፌ ራሱ ነው የተናገረው። አንዴ ከወጣ በኋላ ልመልሰው አልቻልኩም፤ በያንዳንዱ ጥያቄሽ አንድ ክፍል እየጨመርኩበት ሄድኩ። ያልወለድኩትን ልጅ ናፖሊ ላይ ቤት ሠራሁለት። አሳንሰሩን የጨመረችው አሱንታ ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን አላፍርም ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ባራካ ነው ያለው፣ መሬት ለተንቀጠቀጠ ማን ማንን ያማል? ከቪንቼንዛ ነው ያፈርኩት። አውስትራሊያ የደረሱ ጊዜ ካምፕ ውስጥ ነበር ያስገቧቸው፤ በቆርቆሮ ቤት። ያኔ ጻፈችልኝ፤ ሌሊት ይበርዳል፣ ሕፃኑ ያስለኛል፣ አይዞሽ በይኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ተናድጄባት ነበር፣ ጥላኝ ስለሄደች። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ «የእኛ ዘር ቆርቆሮ ውስጥ አያድርም። ቆርቆሮ ውስጥ የሚያድር ዶሮ ነው።» ይቺን ጽፌ ፖስታውን ራሴ ወስጄ ከተትኩ። ሁለት ዓመት አልጻፈችልኝም። ከዚያ እንደገና ስትጽፍ ነገሩን አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁት። መሬቱ ተንቀጥቅጦ «እንዴት ሆንሽ፣ ቤቱስ?» ስትለኝ ስንጥቅ ብቻ ነው ያልኳት ለዚህ ነው። ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ብዕር ነው የጻፍኩት።

ያን ሌሊት ወንበሩ ላይ ሆኜ ትንፋሻችሁን ስሰማ አደርኩ። ገብቼ ልቀስቅስሽ፣ ልንገርሽ፣ አሁን፣ አሁን እያልኩ ነጋ። አሱንታ ጠዋት ላይ መጥታ «ንገሪያት እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ደምሽ እኮ ናት» አለችኝ። አልነገርኩሽም። አውቶቡሱ ድረስ ያልሸኘሁሽ ሰው ስሜን እንዳይጠራ ፈርቼ ነው።

ስትሄጂ መንደሩ ሁሉ አወቀ። ሮኮ ከዕረፍቱ ተመልሶ ሲሰማ አልቀለደም። እሱ ሳይቀልድ ሲቀር ነው የገባኝ፣ ምን እንዳደረግሁ። እንግዳ ስመኝ ኖሬ፣ መጥታ ከደጄ ቆማ፣ የለሁም አልኩ።

ደብዳቤሽ ላይ ያቺን የናፖሊዋን ጄራርዳ ሰድበሻታል። እያንዳንዱን ቃል አንብቤ እውነትሽን ነው አልኩ። ይቅርታ ጠይቀሻታል፤ መጠየቅ አልነበረብሽም።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ለቪንቼንዛ አትንገሪያት። ቤቱ መፍረሱን ንገሪያት፤ እሱ ይነገራል። እኔ በሬ ላይ ያልኩሽን ግን አትንገሪያት።

ጄራርዳ


ሜልቦርን
ጃንዋሪ 9 ቀን 1988

ለውድ አክስቴ ለጄራርዳ፣

ይህ ደብዳቤ ከነብርዱ በጤና ያግኝዎ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ከብሪንዲዚ የጻፍኩልዎን ግን እባክዎ ያቃጥሉልኝ። መርከብ እስኪመጣ ስጠብቅ የጻፍኩት ነው። ሦስት ወር ሰው ልወቅ ብዬ ዞሬ፣ ሥጋዬን ከፊቴ አስቀምጬ አንድ ቀን ሙሉ አብሬ ስሠራ ያላወቅሁ እኔ ነኝ። ስትጠይቂኝ የነበረውን... ይቅርታ፣ ሲጠይቁኝ የነበረውን ሁሉ አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ትራሴን ፊቴ ላይ ነው የምጭነው።

ልመናዎ ግን ዘግይቶ ደረሰኝ። ሴፕቴምበር ላይ እንደተመለስኩ፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት አውርቼዋለሁ። ጮክ ብዬ ነው ያወራሁት። ሉቺያን አሞገስኩ፤ እርስዎን ደግሞ፣ እንግዲህ ምን ልበል፣ አጎቶቼ ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አይ ጄራርዳ» እስኪሉ ድረስ ተናገርኩ። «ልጇ ናፖሊ ላይ ትልቅ ቤት አለው» ስል አያቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

«የምን ልጅ?» አለችኝ።

«የአክስቴ የጄራርዳ ልጅ ነዋ።»

«ጄራርዳ ልጅ አልወለደችም። ሉቺያ የምትባልም አላውቅም። ያቺ ሴት ዳቦውን ስትቆርስ ደረቷ ላይ አስጠግታ ነው ቢላውን ወደ ራሷ የምትስበው?»

አዎ አልኳት። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ እኔን ነው ያየው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እርስዎ አንድ ቃል አልተናገረችም። የኖቬምበሩ ደብዳቤዎ ሲመጣ ቀድሜ ባገኘው ኖሮ እንደ ልመናዎ እደብቀው ነበር፤ ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣችው ግን ራሷ ናት። «አንብቢልኝ» አለችኝ፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ እያለ። ሁሉንም አነበብኩላት። ዶሮ የሚለው ላይ ስደርስ ዘልዬው ነበር፤ «አትዝለዪ» አለችኝ። አልቀየመችም ብዬ አልዋሽዎትም። «ልጄን ከደጅ!» ነው ያለችው፣ ሁለት ጊዜ። እኔም ጻፊላት ብዬ ብለምናት እምቢ አለች።

ትናንት ግን ሥራ ልሄድ በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝና ይህን ጻፊላት አለችኝ። ያለችውን ቃል በቃል ነው የማስቀምጠው፦

«ባራካ ነፋሱን የሚያስገባው በመስኮቱ ሥር፣ ቆርቆሮና ቆርቆሮ በሚገጥምበት ነው። ጋዜጣ አርጥባ ትጠቅጥቅበት፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። አልጋዋን ከግድግዳው ታርቀው። ሌሊት የሚንጠባጠበው ዝናብ አይደለም፣ የራሷ ትንፋሽ ነው ቆርቆሮው ላይ ቀዝቅዞ የሚወርደው፤ ስለዚህ ብርድ ቢሆንም መስኮቱን ጣት ታህል ትክፈት። እኛም በስንት ጊዜያችን ነው ያወቅነው።»

ሌላ አልጨመረችም።

እኔ በሚቀጥለው ጁላይ ፈቃድ አለኝ። አውሮፓን መዞር አይደለም፤ ካርታም አልገዛሁም። ሮም ወርጄ በቀጥታ ካስተልፌራ ልመጣ ነው፣ ብቻዬን፣ እርስዎ ከፈቀዱ። እንዳልተመቸዎ አድርገው እንዳይጽፉልኝ እፈራለሁ። የት እንደምተኛ ብቻ ይንገሩኝ።

በእርስዎ ሳይሆን በራሷ ያፈረች
ዶናታ


ካስተልፌራ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1988

ለልጄ ለዶናታ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ዘመንሽ ይባረክ፤ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ተሽሎኛል።

የምትተኚበትን ጠይቀሻል። ባራካው አንድ ክፍል ነው፤ አይተሽዋል፤ አሁን ግን እንደ ባለቤት ልንገርሽ። አልጋው አንድ ነው፣ ጠባብ ነው፣ መሐሉ ሰርጎዷል፤ ራስና እግር ሆነን እንተኛለን። እንቅልፌ ላይ እራገጣለሁ፣ ባሌ ካርሚኔ ነፍሱን ይማረውና ሲያማርር ነው የሞተው። ሽንት ቤቱ ከውጭ ነው፣ ከአራት ቤት ጋር እንካፈላለን፤ በሩ ስለማይዘጋ እየዘፈንሽ ትገቢያለሽ፣ ሰው እንዲያውቅ። ጁላይ ላይ ከቀትር እስከ ማታ ውስጥ አይቀመጡበትም፣ ያበስላል። አይጥ አለ። አዲሶቹን ቤቶች ዘንድሮ ያስረክቡናል ይላሉ፤ አምናም እንዲሁ ብለው ነበር። ናፖሊ ልቀበልሽ አልወርድም። ሮኮ ሜዳው ላይ ያወርድሻል፤ ከዚያ ስሜን ብትጠሪ ወጥቼ አቤት እላለሁ፣ ሰው እየሰማ።

የቪንቼንዛን መልእክት ያነበብኩት ፖስታ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ነው። ልጅቷ «ሰው ሞተብሽ?» ብላ ወንበር አመጣችልኝ። ስድብ ብትልክልኝ ደስ ባለኝ። ስድብ እመልሳለሁ፣ እችልበታለሁ። ይህን ግን በምን ልመልሰው? ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ልጇ ሲያስላት እኔ ላስብላት ሲገባኝ፣ ይኸው ዛሬ እሷ ለእኔ ታስባለች።

ጋዜጣውን ከአሱንታ ጋር ጠቀጠቅነው። ሚኬሌ የከረመውን ሁሉ ሰጠን። አሱንታ ስትሠራ ዝም አትልም፤ «ባሕር የሚያይ ቤት እያለሽ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» ትለኛለች። ትበለኝ። ነፋሱ ቆሟል። መስኮቱንም ከፍቼ ነው የማድረው፣ የጣት ያህል።

ለቪንቼንዛ ልጽፍላት ከያዝኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አብሬ ልኬዋለሁ፤ ታይዋለሽ፣ ሰላምታው ብቻ ነው ያለው። ጤናዋን ጠይቄያለሁ፣ ጉልበቷን ጠይቄያለሁ፣ የሞቱባትን ሁሉ በስማቸው እየጠራሁ ነፍስ ይማር ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አልመጣልኝም፤ ብዕሩን ሳነሳ ፊቴ ይግላል።

ሰላምታውን አንብቢላት። ቀጥሎስ ካለችሽ፣ ጄራርዳ ገና ወረቀቱ ፊት ተቀምጣለች በያት።

ጄራርዳ